የጥቁር ባሩድ መስፈሪያ

የአለምወርቅ በሩን የከፈተችው ልትሰድበው ነበር። ስድቡን መኪና ስትነዳም፣ ልብስ ስትተኩስም፣ ሥራ ቦታ መድኃኒት ስታሽግም ስታሰናዳው ከርማ፣ በስሎ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። አስረሳኸኝ ግን ጭምብሉን አገጩ ሥር ሰብስቦ፣ ከውጭው በር ብረት ማዶ ቆሞ፣ ገና ሳያያት ማልቀስ ጀመረ።

«ወንድሜን! ገብሬን! የአለም፣ ምን ብዬ ዓይንሽን ልየው?»

እንባው ስለቀደማት ስድቡ ሳይወጣ ቀረ። ይህም ሌላ ንዴት ሆነባት። «ግባ» አለችው።

ባሏ ገብረጻድቅ ከሞተ አርባው ወጥቶለት አልፏል። የመሬት ቅየሳ ባለሙያ ነበር፤ ጆሃንስበርግ የገቡት አንድ ልጃቸው ሀሴት ሳትወለድ ነው። እሱ ቀያሽ፣ እሷ በአንድ የግል ሆስፒታል ፋርማሲስት ሆነው፣ ኬንሲንግተን ሰፈር ውስጥ ከድንጋይ የተሠራች አሮጌ ቤት ገዝተው፣ ሰው ሳያስቀይሙ ኖሩ። ገብረጻድቅ አንድ ሱስ ብቻ ነበረበት። በብርድ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ሃይደልበርግ ከምትባል አጎራባች ከተማ ወዲያ ወዳለ አንድ የበቆሎ እርሻ ይሄድና፣ በባለርስቱ ፈቃድ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ቃርሚያ የሚለቅሙ ጅግራዎችን ያድናል። አብረውት የሚሄዱት ሁለት ናቸው፤ የሕንፃ ኮንትራክተሩ አስረሳኸኝና የጥርስ ሐኪሙ በርናባስ።

ያ በሰኔ መጀመሪያ የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት የአስረሳኸኝ ሚስት ትሕትና ተመርምራ ኮሮና ተገኘባት። ዓርብ ማታ የእሱም ጉሮሮ ይከረክረው ጀመር። ቅዳሜ ንጋት ላይ ግን ተነሥቶ ገብረጻድቅን በመኪናው ጫነና፣ ብርድ ስለሆነ መስኮቱን ዘግቶ፣ እየሳቀና እያወራ ሃይደልበርግ ድረስ ወሰደው። ትንፍሽ አላለም። በርናባስ በራሱ መኪና ነበርና ተረፈ። ገብረጻድቅ በሳምንቱ ወደቀ። ከተማው በሙሉ አልጋ ጠፍቶ፣ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦክስጅን የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። የአለምወርቅ በሙያዋ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ለምና አልጋ አገኘችለት፤ አልጋው ግን አላዳነውም። ቀብሩ ላይ ሰው ተቆጥሮ ነው የገባው። አስረሳኸኝ አልመጣም። ስልክም አልደወለም። የደወለችው ትሕትና ነበረች፤ እያለቀሰች፣ የምትለውን ሳታመዛዝን፣ «እኛም እኮ ከሐሙስ ጀምሮ ታመን ነበር» አለቻት። የአለምወርቅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀኑን ወደኋላ አሰላችው። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ።

እንግዲህ ያ ሰው ነው አሁን ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጦ አፍንጫውን የሚናፈጠው።

«ስትቀብሪው አልነበርኩም። እኔም አልጋ ላይ ነበርኩ፤ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል» አለች የአለምወርቅ።

ሻይ አላቀረበችለትም። እሱም ይህን አይቶ ወደ ጉዳዩ ቸኮለ። ነገሩ ጥይት ነው። ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ የአደን ጥይት ከየሱቁ ጠፍቷል፤ መርከቡ ዘግይቷል ይላሉ፣ ባለፈው ወር ከተማውን ካናወጠው ዘረፋ ወዲህ ደግሞ ሰው ያለውን ሁሉ አንስቶታል። የጅግራው ወቅት ሊዘጋ ነው። እና ገብረጻድቅ ጋራዥ ውስጥ ያሉት እነዚያ የድሮ ዕቃዎች፣ ባዶ ቀለህ መልሶ የሚሞላባቸው...

«ገብሬ በሕይወት እያለ ‹ከኔ በኋላ ያንተ ናቸው› ብሎኛል። አንቺ ምን ታደርጊባቸዋለሽ? ቁርጥራጭ ብረት እኮ ናቸው።»

የአለምወርቅ ብድግ አለች። «ና» አለችውና በወጥ ቤቱ አልፋ ወደ ጋራዡ መራችው። ሀሴት ኮምፒውተሯን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እየሠራች ነበር፤ የእናቷን ፊት አይታ የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች።

ጠመንጃውንና የቀረውን ባሩድ የአለምወርቅ ቀብሩ ባለፈ በሳምንቱ ለሕጋዊ ነጋዴ አስረክባለች። ዕቃዎቹ ግን በቦታቸው ነበሩ፤ በሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ በአሮጌ የእንጨት ሣጥን ውስጥ። ገብረጻድቅ ያገኛቸው ስፕሪንግስ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት የሟች ባሏን ጓዝ ስትሸጥ ነው። ምን እንደሆኑ ሴትየዋም አታውቅም ነበር። እሱ ወራት ፈጅቶ፣ አንድ በአንድ እየወለወለ፣ ነሐሱ ላይ የተቀረጸውን ፊደል በአጉሊ መነጽር እያነበበ፣ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያገለግል ደረሰበት። ማታ ማታ እሱ ሲሠራ የአለምወርቅ ጎኑ ትቀመጣለች። በባሩዱና በእርሳሱ መሃል የሚገባውን ውታፍ ታቀብለዋለች፤ ስለ ሰው ያማሉ፤ ስለ ልጃቸው ይከራከራሉ። ትዳራቸው አብዛኛው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለፈው።

ሣጥኑን ከፈተችና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ፊቱ ደረደረች።

«ያንተ ከሆኑ ስማቸውን ንገረኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ባሌ የሞላውን ጥይት ስትተኩስ ኖረሃል። በምን እንደሞላው ንገረኛ! ይቺ ምንድን ናት?»

ያነሣችው በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የምትታሰር፣ ትንሽ እጀታ ያላት የነሐስ ዕቃ ነበረች።

አስረሳኸኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እንዲያው ሲያዩዋት የሥጋ መፍጫ ትመስላለች። ይቺ... ባሩዱ የሚገባባት ናት መሰለኝ።»

«የቀለህ አፍ መጠቅለያ ናት! ባሩዱም እርሳሱም ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ የወረቀቱን ቀለህ አፍ ወደ ውስጥ ጠቅልላ የምትዘጋው እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ነው የምትሠራው። ይቺስ?»

«የአለም፣ ፈተና ነው እንዴ?»

«ይቺስ?» አለች ድምጿ ጋራዡን እስኪሞላው።

ሾጣጣ ዘንግ ከትንሽ ክብ መቀመጫ ጋር ነበረች። አስረሳኸኝ ራሱን ነቀነቀ። የአለምወርቅ ነገረችው፤ በዚህ የተቃጠለው መለኮሻ ከቀለሁ ቂጥ ተገፍቶ ይወልቃል፤ በዚህ በኩል ደግሞ አዲሱ ይገባል። ይህ ክብ እንጨት መጠቅጠቂያ ነው፤ ውታፉን ባሩዱ ላይ ያስቀምጥበታል፤ ሲጫኑት ቀስ ተብሎ ነው፣ እንደ ቂል እየደበደቡ አይደለም። ይህ የናስ ቀለበት የቀለሁን አፍ የሚያሰፋ ነው፤ ሰው ሁሉ የበር ቁልፍ መያዣ ይመስለዋል። እያንዳንዱን ስታነሣ የገብረጻድቅ ጣት የተላመደው ቦታ ላይ ጣቷ ያርፋል፤ እዚያ ላይ ብረቱ ልሙጥ ነው። ይህ ሰው ያንን ጣት ነው ያስቀበራት፤ አሁን ደግሞ ብረቱን ሊወስድ መጥቷል።

የመጨረሻዋን እሱ ራሱ ቀድሞ አነሣት። የእንጨት እጀታ ያላት፣ እንደ ሲኒ ትንሽ የነሐስ ጽዋ ነች፤ ታችዋ እየተሳበ የሚጠልቅና የሚሰፋ፣ ጎኗ ላይ ቁጥር የተቀረጸባት።

«ይቺንስ አውቃታለሁ!» አለ ደስ ብሎት። «የባሩድ መስፈሪያ ናት። ገብሬ ሦስት ቁጥር ላይ ነበር የሚያደርጋት፤ ባይኔ አይቻለሁ። ሦስት ላይ ታደርጊያለሽ፣ ጢም ታደርጊያለሽ፣ ቀለሁ ውስጥ ትገለብጫለሽ። ምን ችግር አለው? ባሩዱንም ገዝቻለሁ፤ አዲሱን፣ ምርጡን፣ ጭስ የሌለውን።»

የአለምወርቅ አፏን ከፈተች።

መስፈሪያዋ የተሠራችው ለጥቁር ባሩድ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ ነው፤ ያኔ ባሩድ ሁሉ ጥቁር ነበር፤ ቁጥሩም የጥቁሩ ባሩድ ልክ ነው። ገብረጻድቅ በዚያች መስፈሪያ የሚሰፍረው አልፎ አልፎ፣ ለጨዋታ፣ ጭሱ ሜዳውን ሲሸፍነው ለማየት ብሎ የሚሞላውን ጥቁሩን ብቻ ነበር። አዲሱን ባሩድ አንድም ቀን በእሷ ሰፍሮ አያውቅም፤ አዲሱ ኃይሉ ብዙ እጥፍ ስለሆነ በስሱ ሚዛን፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመዘነው። በዚያች ጽዋ ሦስት ላይ ጢም ተደርጎ የተሰፈረ አዲስ ባሩድ ጥይት አይደለም። ጠመንጃውን ተኳሹ ፊት ላይ የሚፈነዳ ቦንብ ነው። ይህን ገብረጻድቅ ለእንግዳ ሁሉ ሳይነግር አያልፍም ነበር። ለአስረሳኸኝም ስንቴ ነግሮታል፤ አስረሳኸኝ ግን ሰው ሲያወራ ተራውን እንጂ ወሬውን የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

ይህ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ደርቋል። እንባው የት እንደገባ አይታወቅም፤ መስፈሪያዋን በብርሃን እያገላበጠ እንደ ሕፃን ፈገግ ብሏል።

«ሦስት ላይ ነበር አይደል?» አላት።

«አዎ» አለች የአለምወርቅ። «ሦስት ላይ ነበር።»

ሣጥኑን ዘግታ ሰጠችው።

መኪናው ከበሩ ሲርቅ ሀሴት መጣች። «ማሚ፣ ለምን ሰጠሽው? አባዬ እኮ ማንም እንዲነካቸው አይፈልግም ነበር። ደግሞ ይህን ሰውዬ ትጠይዋለሽ።»

«ስለምጠላው ነው የሰጠሁት።»

ሀሴት አልገባትም፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የአለምወርቅ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ እንግዳ ነገር ተሰማት። ቀለላት። በማግስቱ ዓርብ ከብዙ ጊዜ በኋላ ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች። ሥራ ቦታ የሚያውቋት ሰዎች «ዛሬ ፊትሽ ተፈታ» አሏት። ደግማ አላሰበችበትም፤ ማለት አሰበች እንጂ፣ ነገሩ በመጣ ቁጥር «ራሱ ነው ያለው፤ እኔ ምን አልኩ? አዎ ብቻ ነው ያልኩት» እያለች ታልፈዋለች። ገብረጻድቅ ሳይታጠብ፣ ሳይገነዝ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲወርድ ስታስታውስ ደግሞ «ይበለው» ትላለች።

ቅዳሜ ጠዋት የሥራ ተራዋ ነበር። አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው የትኩሳት መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። ሐኪሙ ያዘዘው ለጨቅላ የሚሆነውን፣ በጠብታ የሚሰጠውን ጠንካራውን ነው። የአለምወርቅ ጠርሙሷን አነሣችና፣ ሺህ ጊዜ እንዳለችው፣ አፏ በራሱ መናገር ጀመረ።

«ጎጎ» አለች፣ በአገሩ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ «አደራ፣ በሻይ ማንኪያ እንዳይሰፍሩ። ያ የድሮው ሽሮፕ አይደለም። ማንኪያው አንድ ቢሆንም መድኃኒቱ አንድ አይደለም። ይህ በዚያ ልክ ከተሰጠ ይገድ...»

ቃሉን አልጨረሰችውም። ጠርሙሷ እጇ ላይ ቀረች። አሮጊቷ «ይገድላል ነው ያልሽው፣ ልጄ?» አሏት በሥጋት።

«አዎ» አለች። «ይገድላል።»

ጠብታውን በምልክት አሳይታ፣ አሮጊቷን መልሳ አስደግማ ሸኘቻቸው። ከዚያ ሥራውን ለባልደረባዋ ጥላ፣ ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ መኪና ማቆሚያው ሮጠች። ለአስረሳኸኝ ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠራና ተዘጋ። ደግማ ደወለች፤ ወዲያው ዘጋባት። ስሟን አይቶ፣ ዕቃውን ልትጠይቀው መስሎት እንደሆነ ገባት። «አንተ ደደብ!» አለች ለስልኩ። «አንሣው፣ ደደብ!» በሦስተኛው ስልኩ ጭራሽ ጠፍቶ አገኘችው። ትሕትናን በስልክ ስታገኛት፣ «በጠዋት ወጣ፣ ከበርናባስ ጋር ሃይደልበርግ ነው፤ ምነው የአለምዬ?» አለች።

«ጥይት ሞልቷል?»

«ትናንት ማታ ጋራዥ ውስጥ ሲያንኳኳ ነበር። ሃያ የሚሆን ሞላ መሰለኝ። ምነው?»

«በርናባስ ጋ ደውዪ። እንዳይተኩስ በይው። በቃ እንዳይተኩስ!»

ሃይደልበርግ ሩቅ አይደለም፤ የዚያን ዕለት ግን መንገዱ አልገፋ አለ። ከደርባን የሚመላለሰው ከባድ መኪና ሁሉ ፊቷ ተሰልፎ ይጎተታል። የአለምወርቅ መሪውን ጨብጣ ትሳደባለች። ከባድ መኪናውን ትሳደባለች፤ አስረሳኸኝን ትሳደባለች፤ ከዚያ ገብረጻድቅን ትሳደባለች። «አንተስ! ሰውየው ሲያስል አትሰማም? መስኮት ክፈት አትልም? ሁልጊዜ ሰው እንዳይቀየም፣ ሰው እንዳይቀየም! ይኸው!» ገብረጻድቅን በቁጣ ስትጠራው ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗ ፈሰሰ፤ በካፖርቷ እጅጌ ጠረገችው፤ መኪናውን ግን አላዘገየችም።

የእርሻው በር ላይ ያለው ዘበኛ «ሳውቦና፣ ማማ» ብሎ ሰላምታ ጀመረ። «የት ናቸው? ወፍ የሚያድኑት!» አለችው ሳታስጨርሰው። በአገጩ ከበቆሎው ማሳ ማዶ የቆሙትን ባሕር ዛፎች አሳያት። አቧራውን እያስነሣች ነዳችው። ባሕር ዛፎቹ ጋ ሳትደርስ ከመስኖ ቦይ የፈሰሰ ውሃ ያጨቀየው ማሳ ጎማዋን ያዘው። በሩን ከፍታ ስትወርድ ተኩስ ሰማች።

አንድ ብቻ ነበር። ከተለመደው የከበደ መሰላት። ቆመች። ከተኩሱ በኋላ የሆነ ድምፅ፣ ጩኸት፣ የሰው ስም ትጠብቃለች። ምንም የለም። ከዚያ ሮጠች። የሥራ ጫማዋ በበቆሎው ጉቶ መሃል እየወለቀ፣ አንዱን ጥላ፣ «አትተኩስ! አስረሳኸኝ! አትተኩስ!» እያለች ሮጠች። ጉቶው ውስጥ ተደብቀው የነበሩት ጅግራዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ እየተንጫጩ ተነሡና፣ በዛፎቹ ላይ አልፈው ሄዱ።

አስረሳኸኝ ከዛፉ ሥር ቆሞ ነበር። ሙሉ ሰው ነው፤ እጁም፣ ፊቱም አለ። ወደ ሄዱት ጅግራዎች አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«አበድሽ እንዴ? ወፎቹን አባረርሽብኝ! ለእነዚያ ቁርጥራጮች ብለሽ እዚህ ድረስ መጣሽ?»

«ጠመንጃውን አስቀምጠው።»

«አላስቀምጥም! የሰጠሽኝን...»

«አስቀምጠው ብያለሁ!» የአለምወርቅ እንዲህ ስትጮህ በሕይወቷ ማንም ሰምቷት አያውቅም። በርናባስ ከማዶው መስመር እየሮጠ መጣ፤ ከስልኩ ጋር ሲታገል ነበር፤ የትሕትና መልእክት ገና መግባቱ ነው። የበርናባስ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። አስረሳኸኝ ደግሞ የራሱን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ መሃሉ ላይ አጥፎ፣ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ እያሸ ነበር። እግሩ ሥር ጩቤ ወድቋል።

«ተኩሰሃል?» አለችው።

«አንድ። ታዲያስ? እንደ በቅሎ ረገጠኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። ቀለሁ ነው አልወጣ ብሎ የተጣበቀው፤ እሱን በጩቤ ስነቅል ነው የመጣሽው። ግራውን ልተኩስ ስል...»

በርናባስ ጠመንጃውን ከእጁ ወሰደ። የግራውን ጥይት በጥንቃቄ አወጣና ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጥርስ የሚያይበትን ትንሽ ባትሪ ከኪሱ አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኙን አፈሙዝ ከውጭ በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ብረቱ እዚያ ላይ እንደ እንቅርት አብጧል። ማጠፊያውም ላልቷል፤ በእጁ ሲነቀንቀው ይንቀጫቀጫል። በርናባስ ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«በምንድን ነው የሞላኸው?» አለው።

«በገብሬ መስፈሪያ ነዋ! ሦስት ላይ!»

«መስፈሪያዋ የጥቁር ባሩድ ናት» አለች የአለምወርቅ፤ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። «አዲሱ በእሷ አይሰፈርም። የመጀመሪያውን በዕድል ነው ያለፍከው። ሁለተኛው አይምርህም ነበር።»

አስረሳኸኝ ጠመንጃውን አየ፤ እብጠቱን አየ፤ በመጨረሻ እሷን አየ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ሲወጣ ታየ።

«ሐሙስ ዕለት... ሦስት ላይ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅሽ...»

«አዎ።»

«አዲሱን ባሩድ ገዛሁ ስልሽ...»

«አዎ። ሰምቼሃለሁ። አውቄ ዝም አልኩህ» አለችው። ባንድ እግሯ ጫማ፣ ባንድ እግሯ ካልሲ ብቻ፣ ጭቃው ውስጥ ቆማለች። «አንተ መኪናው ውስጥ ዝም እንዳልከው ዝም ልልህ ነበር። ሁለት ቀን ቻልኩት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አንተ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ችለኸዋል።»

በርናባስ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። ስለ መኪናው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አስረሳኸኝ ዛፉ ሥር ቁጭ አለ። «ጉንፋን መስሎኝ ነው፣ የአለም። እናቴ ትሙት...»

«እናትህን ተዋቸው። ጥይቶቹን አምጣ።»

ከእርሻው ቧንቧ አጠገብ ባልዲ ውሃ ሞልተው፣ እሷና በርናባስ የተሞሉትን ጥይቶች አንድ በአንድ አፋቸውን ፈልቅቀው ባሩዱን ውሃ ውስጥ ዘረገፉት። እርሳሱ ባልዲው ግርጌ ላይ ጠጠር እንደሚወድቅ እየተንኳኳ ወደቀ። አስረሳኸኝ ከሩቅ ሆኖ ያያል። የአለምወርቅ ሣጥኑን ከመኪናው ኋላ ራሷ አወጣች፤ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አይታ፣ መኖራቸውን አረጋግጣ፣ ጭቃ የያዘውን ጎማዋን በርናባስና ዘበኛው ገፍተው ሲያወጡላት ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ስትሄድ አስረሳኸኝ መስኮቷ አጠገብ መጣ። አፉ ተንቀሳቀሰ። መስኮቱን ዘጋችው።

ሰው ይህን ሲሰማ ያ ሰውዬ ከዚያ በኋላ ተለወጠ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ሳምንት ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት ለየአለምወርቅ በሹክሹክታ ነገረቻት፤ አስረሳኸኝ በየደረሰበት፣ «ባሏ ያወረሰኝን ዕቃ ለማስመለስ እርሻ ድረስ ተከትላኝ፣ ሰው ፊት አዋረደችኝ፤ ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» ይላል። ጠመንጃው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «አርጅቶ ነው» ይላል። የአለምወርቅ ሰምታ ከልቧ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን የቀድሞው ዓይነት አልነበረም። ያኛው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የሚበላ ነበር፤ ይህኛው በአፍ የሚወጣ ሆነ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። የራሷንም ዝምታ አልደበቀችም። ሴትየዋ የምትገባበት ጠፋት። በርናባስም በበኩሉ የጠየቀውን ሁሉ እብጠቱን በጣቱ እያሳየ መለሰ። ዕቃዎቹን በመጨረሻ የሰጠችው ለእሱ ነው፤ የሰጠችውም እያንዳንዱ ምን እንደሆነና መስፈሪያዋ ለየትኛው ባሩድ እንደሆነች ጋራዡ ውስጥ ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ በቃሉ ካስደገመችው በኋላ ነው። በርናባስ እንደ ተማሪ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ደገመላት።

የገብረጻድቅ መንፈቅ ጥር ሳይገባ ደረሰ። ሰው በዛ፤ አስረሳኸኝና ትሕትናም መጡ። አስረሳኸኝ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጀመረ። «የአለም፣ አንቺ ሕይወቴን...»

«እኔን ተወኝ» አለችው። «ስለ እኔ አይደለም የተሰበሰብነው። ስለ እሱ የምትለው ካለህ፣ ሰዉ ይኸው ነው፤ ንገራቸው።»

አስረሳኸኝ ጫማውን አየ። ሀሴት ወንበር አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት፤ አልተቀመጠም። ከዚያ ዞሮ ወጣ፤ መኪናው ሲነሣ ተሰማ።

ትሕትና ግን አልተከተለችውም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጓሮ ገብታ ከሰው ሁሉ ጋር ሳህን ማጠብ ያዘች። ከሰዓቱ ገፍቶ ሰው ሲቀልል የአለምወርቅ ፎጣ ይዛ አጠገቧ ቆመች። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታደርቃለች።

«እኔም እኮ አውቅ ነበር» አለች ትሕትና፤ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ። «ቅዳሜ ሲወጣ አይቼዋለሁ። አትሂድ አላልኩትም።»

የአለምወርቅ የያዘችውን ሳህን ሁለቴ አደረቀችው። እውነት ነበር፤ ይቅር የሚባልም አልመሰላት፤ ዛሬ ግን የምትጮህበት ጉልበት አልቀራትም።

«ነግረሽኛል» አለች በመጨረሻ። «አንቺ እንኳ ነግረሽኛል። በይ ያንን ብርጭቆ አቀብዪኝ።»